የሞተ ባትሪ የት ይደርሳል

የምሠራበት ድርጅት አዳማ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ መጋዘን ውስጥ የፀሐይ መብራት ይገጣጥማል። ፓነሉም፣ ባትሪውም፣ ውስጡ ያለው ቦርድም ከውጭ በኮንቴይነር ይመጣል። እኛ ዘንድ ሴቶች ልጆች በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሽቦውን ይበይዳሉ፣ ሳጥኑን ይዘጋሉ፣ ይፈትሻሉ። ከዚያ መብራቱ ወደ መቂ፣ ወደ ዓለም ጤና፣ የኤሌክትሪክ መስመር ወዳልገባባቸው ቀበሌዎች ይሄዳል። የእኔ የሥራ መደብ የአካባቢና የደኅንነት ባለሙያ ይባላል። ስሙ ትልቅ ነው እንጂ አብዛኛው ቀኔ ጓንት አድርጉ እያልኩ ከልጆቹ ጋር ስጨቃጨቅና ከመንግሥት ለሚመጡ ተቆጣጣሪዎች ፋይል ሳቀርብ ነበር የሚያልፈው።

አንድ ቀን ዕቃ የሚልክልን የውጭ ድርጅት ጥያቄዎች ላከልን። በአገሩ አዲስ ደንብ ወጥቶበት የሚሸጠው ነገር ከየት እንደተነሣ ብቻ ሳይሆን የት እንደሚያልቅም ማወቅ ግድ ሆኖበታል። አብዛኞቹን ጥያቄዎች መመለስ አልከበደኝም። አንዱ ግን አጭር ሆኖ አስቸገረኝ፤ የሸጣችሁት ባትሪ ሲሞት የት ይደርሳል የሚል ነበር።

ይዤው ወደ ሥራ አስኪያጃችን ገባሁ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ኮንቴይነር ወደብ ላይ በቆመ ቁጥር እንቅልፍ የሚያጣ፣ ሠራተኛ ሲታመም ሆስፒታል ድረስ የሚሄድ ሰው ነው። ወረቀቱን አየት አደረገና፣

«ፈቃድ ላለው ሰብሳቢ እናስረክባለን ብለሽ ጻፊ» አለኝ።

«እናስረክባለን እንዴ?»

«ልናስረክብ አስበናል።»

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ሳቄን አቁሜ፣ የሞተው ባትሪ በእውነት የት እንደሚሄድ ተከትዬ ልይና እጽፋለሁ አልኩት። የአገራችንም ደንብ ቢሆን ይህንን እንድናውቅ ያስገድደናል፤ እስካሁን የጠየቀን ስለሌለ ነው እንጂ። ትንሽ አሰበና መኪናውን ፈቀደልኝ። እንደሚመስለኝ ምንም አታገኝም ብሎ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት ዓለም ጤና ነው። እዚያ በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማ ደንበኛ አለን፤ ትልቁን መብራት ከእኛ ከገዛ ቆይቷል። ማሳው ዳር ቆሞ ጠበቀኝ። «አካም፣ ፈያ?» ሲለኝ በምችለው ኦሮምኛ መለስኩለት፤ ጥቂት ከተጨዋወትን በኋላ ለእኔ ብሎ ወደ አማርኛ ዞረ። ባትሪው ሞቶበት ሌላ መተካቱን ነገረኝ።

«አሮጌውንስ ምን አደረጉት?» አልኩት።

«ቆራሌው ወሰደው። እዚህ ሰው ሁሉ ለቆራሌው ነው የሚሰጠው።»

«እንዳለ ወሰደው?»

«እንዳለማ ይከብዳል። ውሃውን እዚሁ ደፍቶት ነው የሄደው።»

ወደ ቦዩ ጠርዝ ወስዶ አሳየኝ። ሌላው ቦታ ለምለም ሆኖ ሳለ፣ አንዲት ሰፌድ የምታህል መሬት ላይ ሣሩ አሮ አፈሩ ነጣ ብሏል። የሽንኩርቱ መደብ ከዚያ ሩቅ አይደለም። ቦዩ ውስጥ ውሃ እየፈሰሰ ነበር።

«ውሃ መስሎኝ ነው» አለ ገበሬው። «የባትሪ ውሃ ይሉታል እኮ። አይደለም?»

አሲድ መሆኑን፣ አሲዱ ውስጥም እርሳስ የሚባለው ብረት ሟሙቶ እንደሚገኝ፣ እርሳስ ደግሞ አንዴ ሰውነት ከገባ በቀላሉ የማይወጣ መርዝ እንደሆነ ነገርኩት። ጎንበስ ብሎ ከነጣው አፈር ቆንጠር አደረገ፤ ወዲያው መልሶ ጣለውና እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። የነገርኩትን አስቦ ነው መሰለኝ፣ ሄዶ ቦዩ ውስጥ እጁን ታጠበ፤ ከዚያም የጠረገበትን ሱሪ አየ።

«ሲሸጡልኝ ይህንን ማንም አልነገረኝም» አለ በመጨረሻ። አልተቆጣም። የሸጥንለት እኛ ነን። ሳጥኑ ላይ ማስጠንቀቂያ አለ፤ የተጻፈው ግን በእንግሊዝኛና በቻይንኛ ነው።

ቆራሌውን ያገኘሁት ገበያው አጠገብ፣ ባጃጁ ላይ ቆርቆሮ ሲጭን ነው። ተጫዋች ጎልማሳ ነው፤ የማንም ሠላይ አለመሆኔን ከተረዳ በኋላ ምንም አልደበቀኝም።

«ባትሪውን አዳማ ነው የምወስደው» አለኝ። «ወንጂ መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ከስኳር ፋብሪካ በጡረታ የወጡ። ባትሪ እንደ እሳቸው የሚያውቅ የለም። የሚነሣውን ያስነሡታል፣ የማይነሣውን ያቀልጡታል።»

ሌላ ጥያቄ አላስፈለገኝም። እኚያ ሽማግሌ አጎቴ ናቸው። አባቴ ሲሞት ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ እናቴ እኔን ይዛ ወንጂ፣ ወንድሟ ጋ ገባች። አጎቴ በፋብሪካው የመብራት ሠራተኛ ነበሩ። ማታ ከሥራ ሲመለሱ የሸንኮራ መኪኖችን ባትሪ እየፈቱ ይጠግኑ ነበር። በኋላ አዳማ ዳርቻ ቦታ ገዝተው ሲወጡ የሁልጊዜ ሥራቸው አደረጉት። ያቀለጡትን እርሳስ የቆቃ ዓሣ አጥማጆች ለመረብ ማክበጃ፣ ሌሎችም ለሌላ ነገር ይወስዱታል። ዩኒፎርሜም፣ ደብተሬም፣ በኋላም ዩኒቨርሲቲ ስገባ የያዝኩት ሻንጣ የመጣው ከዚያ ግቢ ነው። ልጅ ሆኜ እርሳሱ ቀልጦ ወደ ቅርጹ ሲፈስ ከአጠገባቸው ቆሜ አይ ነበር፤ ከሱ የሚያምር ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ከዓለም ጤና ስመለስ መኪናው ውስጥ ያሰብኩት ስለ ድርጅቱ አልነበረም። የአጎቴ ሆድ ነው ያሳሰበኝ። ለዓመታት ሆዳቸውን ይቆርጣቸዋል። ጨጓራ ነው ተብሎ ተልባ ይጠጣሉ፣ በርበሬ ተከልክለዋል፣ ክኒን ይውጣሉ፤ ምንም አልተሻላቸውም። በቅርቡ ደግሞ ቀኝ እጃቸው ሰነፈ፤ ከአንጓው ታጥፎ ይወድቃል፣ ቁልፍ መቆለፍ እያቃታቸው ነው። ሁላችንም እርጅና ነው ብለን ነበር። ስለ እርሳስ በተማርኩት ውስጥ ግን የሆድ ቁርጠቱም፣ የሚወድቀው እጅም ነበሩ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጠብቄ ሄድኩ። ግቢው እንደ ድሮው ነው፤ በአንድ ጥግ ማቅለጫው ጉድጓድና ወናፉ፣ በሌላው ጥግ የባለቤታቸው ዶሮዎች። ባዶ የባትሪ ሳጥኖች በአጥሩ ሥር ተደርድረው በሶብላና ጤና አዳም ተተክሎባቸዋል። ከመካከላቸው በአንዱ ላይ የእኛ መጋዘን ውስጥ የተለጠፈው ምልክት ይታያል። ስንት ጊዜ መጥቼ አላየሁትም።

ለአጎቴ የመጣሁበትን ነገር ሳላዞር ነገርኳቸው። ስለ ሥራው አስቀድሜ፣ ከዚያ ስለ ሆዳቸውና ስለ እጃቸው። አቋርጠው አልተናገሩም። ስጨርስ፣

«ወንጂ ላይ ምን ጠጥተሽ ነው ያደግሽው?» አሉኝ።

«የጉድጓድ ውሃ።»

«ጥርስሽን በመስታወት እይው። የኔንም እይው። ውሃው ጥርሳችንን ቡናማ አድርጎት ነው ያደግነው፤ ሞትን? ይኸው አንቺ ባለሙያ ሆነሽ መጣሽ። እዚህ ሸለቆ ውስጥ የማይጎዳ ነገር ከፈለግሽ መሄጃ የለሽም።»

«ጋሼ፣ ጥርስ ሌላ ነው። ይኼ ነርቭ ውስጥ ነው የሚገባው። ደምዎን ብቻ ያስመርምሩ።»

«ከዚያስ? ተው ይሉኛል። ከተውኩ ምን ልሠራ ነው? በር ላይ ቁጭ ብዬ መንገደኛ ልቆጥር?»

ባለቤታቸው፣ እትዬ የምላቸው፣ የታጠበ ልብስ እያሰጡ ነበር። ሥራቸውን ሳያቋርጡ፣ «እጅዎን ያሳዩዋት» አሉ። አጎቴ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ። «ትናንት ጉርሻው ከእጅዎ ሲወድቅ ዶሮዋ አንሥታው ሄደች። ይንገሯት እንጂ።»

አጎቴ ተነሥተው ወደ ቤት ገቡ። ሳይሰናበቱኝ ሲለዩኝ የመጀመሪያው ጊዜ ነው።

ሰኞ ያየሁትን ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት፤ ግቢው የማን እንደሆነም አልደበቅሁም። ወንበሩን አዙሮ በመስኮቱ ወደ መጋዘኑ አየ።

«እንዲህ ከሆነማ እውነቱ እንዲወጣ አንቺም አትፈልጊም» አለኝ። «ይቅር። ያልኩሽን ጻፊ፤ ለአጎትሽም ይሻላል፣ ለእኛም ይሻላል።»

«ለአጎቴ አይሻልም» አልኩት።

የማንንም ስምና አድራሻ ሳልጠቅስ እውነቱን ጻፍኩ፤ ባትሪዎቹ በቆራሌ ተሰብስበው፣ አሲዱ ሜዳ ላይ ተደፍቶ፣ እርሳሱ በመኖሪያ ግቢ ውስጥ ይቀልጣል ብዬ። መፍትሔ የሚመስለኝንም ጨመርኩበት። ሥራ አስኪያጁ ሁለቴ አነበበው። ይቀድደዋል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እሱ ግን ፈረመበትና፣ «ኮንቴይነር ቢቆም ለልጆቹ የምትነግሪያቸው አንቺ ነሽ» አለኝ።

ቆመ። የውጭው ድርጅት አልጮኸብንም፣ ውሉንም አላፈረሰም፤ የባትሪውን መመለሻ መንገድ እስክናሳየው ድረስ ቀጣዩን ጭነት እንደማይልክ በትሕትና ጻፈልን። ቦርድ ሲያልቅ ብየዳው ቆመ። ለልጆቹ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። አብዛኞቹ ከአርሲና ከሐረርጌ መጥተው ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ናቸው። አንዳንዶቹ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ስፌት ለመቀጠር ሄዱ። አንዷ፣ ጓንት አታደርጊም እያልኩ ብዙ ጊዜ የተጨቃጨቅኳት፣ ዕቃዋን ስትሰበስብ ቀና ብላ አየችኝና፣ «እውነቱን መጻፍሽ ጥሩ ነው፤ ግን የከፈልነው እኛ ነን» አለችኝ።  ደንብ ሲወጣ በጣም ሩቅ ያለ ሰው ይጽፈዋል፣ ክብደቱ ግን መጀመሪያ የሚያርፈው ከታች ባለው ሰው ትከሻ ላይ ነው። ይህንን ስላወቅሁ ደንቡ ስህተት ነው ማለት አልቻልኩም፤ ልክ ነው ብዬም ደረቴን መንፋት አልቻልኩም።

በዚህ መሀል እትዬ ደወሉልኝ። አጎቴ ለመመርመር እሺ ብለዋል። እንዴት እንዳሳመኗቸው ጠየቅኳቸው። «አላሳመንኳቸውም» አሉኝ። «እርስዎ ካልሄዱ ሐኪም ዘንድ ብቻዬን ሄጄ ስለ እጅዎ እነግራለሁ አልኳቸው።»

ከእትዬ ጋር አዲስ አበባ ይዣቸው ሄድኩ። የመረመረቻቸው ሐኪም ወጣት ሴት ናት። የአጎቴን እጅ ይዛ ወደ ላይ ቀና እንዲያደርጉት ጠየቀቻቸው፤ አልቻሉም። ሥራቸው ምን እንደሆነ ስትሰማ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እትዬ ዞረች።

«እርስዎም ደም ይስጡ» አለቻቸው።

«እኔ ባትሪ ነክቼ አላውቅም።»

«ይሁን፤ ይስጡ።»

ውጤቱ ሲደርስ ተመልሰን ሄድን። የአጎቴ በጣም ከፍተኛ ነበር፤ ይህንን እኔም እሳቸውም ጠብቀነው ነበር። የእትዬ ግን ማናችንም ያልጠበቅነው ነው። እንደ አጎቴ አይሁን እንጂ ደማቸው ውስጥ ሊኖር ከሚገባው በላይ እርሳስ ተገኘ። ሐኪሟ የአጎቴን ልብስ ማን እንደሚያጥብ ጠየቀች። እትዬ እኔ ነኛ አሉ። በእጅ? በእጅ። ከማጠብዎ በፊት ያራግፉታል? አዎ፣ አቧራው እንዲወጣ በደንብ ነው የማራግፈው። ሐኪሟ አንገቷን ነቀነቀችና መጻፏን ቀጠለች። መድኃኒቱ ከሁሉ በፊት ከነገሩ መራቅ እንደሆነ፣ ሰውነት በጊዜ ብዛት ራሱን እንደሚያጠራ፣ የእጁ ነገር ግን ሙሉ ለሙሉ ላይመለስ እንደሚችል ነገረችን።

ወደ አዳማ ስንመለስ አጎቴ ከፊት ወንበር ተቀምጠው በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያሉ። ሞጆን አለፍን። ከዚያ ወደ ኋላ ሳይዞሩ፣

«ለምን ታራግፊዋለሽ?» አሉ።

«ምን?» አሉ እትዬ።

«ልብሱን። ለምን ታራግፊዋለሽ?»

 «ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ነጭ ሆኖ እንዲታይ ነዋ» አሉ እትዬ።

አጎቴ በደህናው እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። በሕይወቴ ሲያለቅሱ አይቻቸው አላውቅም ነበር። መኪናውን ላቁም ስል በእጃቸው ቀጥይ አሉኝ።

በማግሥቱ ማቅለጫውን ራሳቸው አፈረሱት። ሰፈርተኛው እንዳያግዛቸው ከለከሉ፤ አቧራው ሌላ ሰው እንዳይነካ ብለው ነው። እኔ ያመጣሁላቸውን ጭምብልና ጓንት አድርገው፣ መሬቱን በውሃ እያራሱ፣ ጉድጓዱን በአዲስ አፈር ሞሉት። ወናፉን ለማንም አልሰጡም፤ ቀደው ጣሉት። በሶብላውንም ነቀሉ። እትዬ ዶሮዎቹን ለመሸጥ ፈልገው ነበር፤ አጎቴ ግን እነዚህን ዶሮዎች ለሰው መሸጥ አይገባም አሏቸው።

ድርጅታችን ደግሞ ከብዙ ውይይት በኋላ መንገድ አበጀ። መጋዘኑ ጀርባ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ፣ ጣሪያና ቁልፍ ያለው ክፍል ሠራን። ቆራሌውን ከመጋፋት ይልቅ አብሮን እንዲሠራ ጠየቅነው፤ አሲዱ ያልተደፋ፣ ያልተከፈተ ባትሪ ለሚያመጣ የተሻለ እንከፍላለን፤ ከዚያ ፈቃድ ላለው አቅላጭ ድርጅት እናስረክባለን። ከአካባቢ ጥበቃ ቢሮ የመጣው ተቆጣጣሪ ክፍሉን አይቶ አንድ ሁለት ነገር አስተካክሉ አለን፤ አስተካከልን። ሳጥኑ ላይ በአማርኛና በኦሮምኛ ጻፍን። ጭነቱ ተለቀቀ። ከሄዱት ልጆች ግማሽ ያህሉ ተመለሱ፤ ያች የተናገረችኝ ልጅ ግን አልተመለሰችም። ዓለም ጤና ያለው ገበሬ ያንን የነጣ አፈር ቆፍሮ በማዳበሪያ ጆንያ ሞልቶ፣ ቆራሌው ባጃጅ ላይ ጭኖ ላከልን። አፈር እንቀበላለን ብለን አልነበረም፤ ተቀበልነው። የት እንደምናደርሰው ለማወቅ ግን ብዙ ደጅ ጠናን።

አጎቴን ሥራ አስኪያጁ በክፍሉ ኃላፊነት ሊቀጥራቸው ፈልጎ ነበር። ሐኪሟ ስለከለከለች አልሆነም፤ እሳቸውም ባትሪ ከእንግዲህ ማየት አልፈልግም አሉ። ሆዳቸው ተሻላቸው። በርበሬ ተፈቀደላቸው፤ ለዚህ ያላቸው ደስታ ለጤናቸው ካላቸው ይበልጣል። እጃቸው ትንሽ ቀና ማለት ጀምሯል፤ ሶደሬ ፍል ውሃው ይረዳኛል ብለው እትዬን ይዘው ይሄዳሉ። ሐኪሟ ፍል ውሃ ለዚህ ምንም አያደርግም ብላለች፤ አይጎዳም ግን ብላለች። ለእኔ ይቅርታ አላደረጉልኝም፤ የምቀየምሽ ነገር የለም ይላሉ፣ ቢሆንም ስለ ሥራዬ እንደ ድሮው አይጠይቁኝም።

ባለፈው ክረምት ግን ራሳቸው ደወሉ። ቆራሌው ሊጠይቃቸው መጥቶ አንድ ነገር ነግሯቸዋል። የእኛ ድርጅት ባትሪ ወደ እኛ ይመጣል፤ የመኪናው፣ የሌሎች ነጋዴዎች፣ በየቦታው የሚሸጠው ባትሪ ግን አሁን መቂ ያለ አንድ ሰው ጋ ይሄዳል። ሰውየው ወጣት ነው፣ በቅርቡ ነው ያገባው፣ ሥራውን የለመደው ድሮ አጎቴ ግቢ እየመጣ እያየ ነው።

«መኪና ይዘሽ ነይ» አሉኝ።

ሄድን። ሰውየው አጎቴን ሲያይ ሮጦ መጥቶ ትከሻቸውን ሳመ፤ ዛፍ ጥላ ሥር ወንበር አወጣልን። ከኋላው ጉድጓዱ እየጨሰ ነበር። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት አጎቴ በዓይናቸው ዝም አሰኙኝ። ስለ ደንብ አልነገሩትም፣ ስለ እጃቸውም ገና አልነገሩትም። መጀመሪያ የጠየቁት፣

«ልብስህን የምታጥበው ማን ናት?» ብለው ነው።

«ባለቤቴ ናት» አለ ሰውየው ፈገግ ብሎ፤ ጥያቄው ጨዋታ መስሎት ነው።

«ጥራት፤ እሷም ትስማ» አሉት አጎቴ።

ሚስቱ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች መጣችና ቆመች። አጎቴ ከተቀመጡበት ተነሥተው ወንበራቸውን ለቀቁላት፤ አልቀመጥም ብትልም እስክትቀመጥ ጠበቁ። ከዚያ ከአዲስ አበባ ስንመለስ መኪናው ውስጥ የሆነውን ከመጀመሪያው ጀምረው ይነግሯቸው ጀመር።